ግንባሬ ኮምቦልቻ፣ ጉንጬ ደሴ

ሰፈሬ ቧንቧ ውሃ ነው፤ ውሃው በሳምንት ሁለቴ ነው፤
ቢጫ ጀሪካን ስንሞላ ነው ስሙን የምናምነው።

የሚኒባስ ረዳት ነኝ፤ ኮምቦልቻ ደርሼ ደሴ፣
ሐረጎን በቀን ስድስቴ፣ ከመስኮት ወጥቶ ራሴ።
ጠዋት የጦሳ ጉም ጉንጬን እንደ ብራና ይወጥረዋል፤
ቀትር ላይ የታች ሙቀት ግንባሬን ቅቤ ያስወጣዋል፤
መሀል መንገድ የሲኖትራክ ጭስ ሁለቱን ያስታርቃል።

ብጉሬን ያየ ተሳፋሪ ምክር ከሂሳብ ጋር ይሰጠኛል፦
«ሎሚ እሽበት»፣ «የጥርስ ሳሙና»፣ «ሚስት አግባ፣ ይጠፋልሃል»።
ሁሉንም ሞክሬአለሁ፣ ከመጨረሻው በቀር፤
ፊቴን በልብስ ሳሙና፣ እንደ ድስት ቂጥ፣ ስፈገፍገው ነበር።

የፒያሳዋ መድኃኒት ቤት ትርንጎ
አይታኝ አልደነገጠችም፤ ጠየቀችኝ እንጂ፦
«ቆዳህ ምን ዓይነት ነው?»
«እኔ እንጃ፣ የሰው ነው።»
ሳቀች። «በቀን ስንቴ ትታጠባለህ?»
«አምስቴ፣ ለሶላት።»
«እሱ ለጌታህ ነው። እኔ የጠየቅኩህ ሳሙናውን።»
«ሳሙናውንም አምስቴ።»
ሳቋን አቆመች።

ታጠብ፣ አለችኝ፣ ምንም አትቀባ፤
አንድ ሰዓት ተቀመጥ፤ ከዚያ ሶፍት ቅደድና
ግንባርህ ላይ፣ ጉንጭህ ላይ ለጥፈህ አንብበው።

ጁምዓ ከሰዓት፣ መኪናው ጋራዥ በገባበት፣ አነበብኩ።
የግንባሬ ሶፍት ብርሃን አሳለፈ፣ እንደ ሳምቡሳ ወረቀት፤
የጉንጬ ደረቅ መጣ፣ አንድም የሚናገረው የሌለበት።
ያኔ ገባኝ፤ ፊቴ የሥራ መስመሬ ነው፦
ግንባሬ ኮምቦልቻ፣ ጉንጬ ደሴ፣
አፍንጫዬ ሐረጎ፣ ላቡ የሚጠማዘዝበት።

አሁን ጠዋት ውሃው ለብ ይላል፤ አያቃጥልም፣ አይበርድም፤
ሽታ የሌለው ሳሙና፣ ሽምብራ ታህል፣ ከዚያ አታልፍም።
በጣት ጫፍ ነው። ኮምቦልቻ ላይ ቆየት እላለሁ፣
ደሴን ዳበስ አድርጌ አልፋለሁ፤
እስከ ስልሳ እቆጥራለሁ፤ ረዳት ነኝ፣ ቁጥር አልሳሳትም።
ፎጣው ውሃውን ይጠጣ እንጂ ቆዳዬን አይፈትግም።
ቅባቱ ለደሴ፤ ለኮምቦልቻም ጥቂት፣ እንዳይቀየም።
የፀሐይ መከላከያው ውድ ነው፤ የሁለት ቀን ምሳዬን በላ።
መናኸሪያ «ሙሽራው» ይሉኛል። ይበሉ።

ማታ መንገዱን ከፊቴ አወርዳለሁ።
ሳህኑ ውስጥ ጥቁር ውሃ ይቀራል፦
አቧራ፣ ናፍጣ፣ «መልሴን ስጠኝ!» ያለችኝ ሴትዮ ቁጣ።
ብጉር ግን አልነካም፤ ትርንጎ ጣቴን አስምላዋለች።
«ስድስት ሳምንት» ብላኛለች፤ «ቆዳ እንደ ተሳፋሪ አይቸኩልም።»

በአራተኛው ሳምንት፣ ሳህኑን ልደፋ ስል፣ አባቴ ጠራኝ።
ይማም፣ የአሰብ መንገድ ሾፌር፤
እኔ ሳልወለድ የተዘጋ መንገድ።
እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ለውዱእ የጨለፈው ውሃ
ፊቱ ሳይደርስ ከመዳፉ ያልቃል።
«የዚያችን ልጅ ነገር ለእኔም አድርግልኝ» አለ፣
ወደ ግድግዳው ዞሮ።

ግራ ጉንጩ ከቀኙ ይጠቁራል፤ የበር በኩል ነው፣
ፀሐይ ሃያ ዓመት ክርኑን ተደግፋ የሄደችበት።
ሶፍት አላስፈለገኝም። ደረቅ ነው፣ ሁሉም ደረቅ።
ለእሱ ሳሙና የለም፤ ለብ ያለ ውሃ፣
ከዚያ እርጥበቱ ሳይሄድ ቫዝሊን።

ስልሳ አልቆጠርኩም። ግራው ላይ ቆየሁ።
«ሎግያ ደረስክ» አለኝ፣ ዓይኑን ጨፍኖ።
ጣቴን ወደ አገጩ ሳወርድ፣
«ቀስ በል» አለ፣ «ቡሬ ላይ ፍተሻ አለ።»

ቀስ አልኩ።

ነገ ውሃ የሚመጣበት ቀን ነው፤
አንድ ጀሪካን እጨምራለሁ።